ከወህኒ ወደ ዙፋን፣ ከወህኒ ወደ የት?



የዛሬው ጽሑፌ መነሻ አንድ ጥያቄ ነው። የጠየቀኝ ምሁር አይደለም፤ ፖለቲከኛም አይደለም። የጠየቀኝ ለመጋዘን ጥበቃ ሥራ ያመለከተ፣ እኔም ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ሆኜ ሥራውን የከለከልኩት ሰው ነው።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ጎንደር ውስጥ በሚገኝ አንድ ድርጅት የቅጥር ኮሚቴ አባል እንድሆን ተጠይቄ ተቀመጥኩ። ሰውየው ከወገራ ደጋ የመጣ፣ ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ንግግሩ የተቆጠበ ነበር። በማመልከቻ ቅጹ ላይ «ከዚህ በፊት በወንጀል ተፈርዶብዎት ያውቃል?» ለሚለው ጥያቄ በገዛ እጁ «አዎን» ብሎ ጽፏል። በእርሻ ድንበር ጠብ ሰው ገድሏል፤ አሥራ ሁለት ዓመት ተፈርዶበት ስምንቱን ከታሰረ በኋላ በአመክሮ ወጥቷል። ማንበብና መጻፍ የተማረው እስር ቤት ነው፤ እንጨት ሥራም እዚያው ለምዷል። ከቀረቡት አመልካቾች ሁሉ ጥያቄያችንን አጥርቶ የመለሰው እሱ ነበር። ሰብሳቢያችን ሰውየው እስኪወጣ ጠብቀው ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋ አደረጉና «ይሄ ይቅር» አሉ። ማንም አልተከራከረም። እኔም አልተከራከርኩም።

ውጤቱን ሊሰማ ሲመጣ በር ላይ ያገኘው እኔን ነበር። «ጋሼ፣ ካላስቀየምኩዎ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለኝ። «ፍርድ ቤቱ አሥራ ሁለት ዓመት ፈረደብኝ። እናንተስ ስንት ዓመት ፈረዳችሁብኝ?»

መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም ቁጥሩን አላውቀውም። ችግሩም እሱ ነው፤ ፍርድ ቤት የፈረደው ቅጣት ቁጥር አለው፤ እኛ ቀጣሪዎች የምንጨምርበት ቅጣት ግን ቁጥር የለውም። የታሪክ ተማሪ እንደመሆኔ መጠን መልሱን በማውቀው መንገድ፣ ማለትም ወደ ኋላ ተመልሼ ልፈልገው ተነሣሁ። ፍለጋው ብዙም አላራቀኝም። ከዚያው ከጎንደር ደጃፍ ጀመረ።

ስሙን ለእስር ቤት የሰጠ ተራራ

ዛሬ «ወህኒ» ስንል እስር ቤት ማለታችን ነው። ከዚያ በፊት ግን ወህኒ የቦታ ስም ነበር። ከጎንደር በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በበለሳ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ ለብቻው የቆመ አምባ አለ፤ ወህኒ አምባ ይባላል። እስር ቤቱን ሁሉ የምንጠራበት ስም ከዚህ አምባ እንደመጣ ይታመናል። ንጉሣውያን ወንድማማቾች በዙፋን እንዳይፋለሙ በአምባ ላይ ማኖር የቆየ ልማድ ነበር። በመካከለኛው ዘመን ይህ ይፈጸም የነበረው በወሎው አምባ ግሸን ሲሆን፣ ያም በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኢማም አህመድ ጦርነት ፈረሰ። ጎንደርን መናገሻ ያደረጉት ዐፄ ፋሲለደስ (1624-1660 ዓ.ም.) ልማዱን በወህኒ አምባ አደሱት።

በአምባው ላይ የነበረው ኑሮ የቤተ መንግሥት ኑሮ አልነበረም። ዐፄ ፋሲለደስን የተካው የልጃቸው የዐፄ ዮሐንስ ልጅ ቀዳማዊ ኢያሱ (1674-1698 ዓ.ም.) ወደ አምባው ግርጌ ሄደው እስረኛ ዘመዶቻቸውን ባስጠሩ ጊዜ፣ የንጉሥ ልጆች ቡትቶ ለብሰው እንደወረዱ፣ ለእነሱ የተመደበውን ገቢ ጠባቂዎቻቸው ሲበሉት እንደቆዩ ይተረካል። ንጉሡም አቅፈው አለቀሱ፤ ቀለባቸውንም አስተካከሉ፤ እስረኞቹ ግን ወደ አምባቸው ተመለሱ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። ከዚህ ተራራ የሚወርደው ሰው ወዴት ይሄድ ነበር? ዕድል የቀናው ወደ ዙፋን ነበር የሚሄደው። ዐፄ ቴዎፍሎስ በ1700 ዓ.ም.፣ ሣልሳዊ ዳዊት በ1708 ዓ.ም. ከወህኒ ወርደው ነገሡ። በ1713 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ በካፋ ታሪክ ግን ከሁሉም ይልቃል። በካፋ ከወህኒ አምልጠው በኦሮሞዎች ዘንድ ተሸሽገው ኖረዋል፤ ከተያዙ በኋላም ለቅጣት የአካላቸው ጫፍ ተቆርጧል። ይህ ተራ ጭካኔ አልነበረም። አካሉ የጎደለ ሰው አይነግሥም በሚባልበት አገር በሰው ገላ ላይ የተጻፈ የማይፋቅ መዝገብ ነበር። በዛሬ ቋንቋ ብንለውጠው «ለዚህ ሥራ ብቁ አይደለም» የሚል ማኅተም ነው። የአገሩ መኳንንት ግን ንጉሥ በፈለጉ ጊዜ ማኅተሙን አላዩትም። በካፋ ነገሡ፤ ምንትዋብን አገቡ፤ ዘጠኝ ዓመት ያህልም ገዙ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1761 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል ስሑል ዐፄ ኢዮአስን ካስወገዱ በኋላ፣ የበካፋን ወንድም ዮሐንስን ከወህኒ አስወርደው አነገሡ። ዳግማዊ ዮሐንስ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ ከአምባው ለማምለጥ በመሞከራቸውም አንድ እጃቸው ተቆርጦ ነበር። አንድ እጅ የሌላቸውን ሽማግሌ ዕድሜ ልካቸውን ከታሰሩበት አውጥቶ የንጉሠ ነገሥትነት ሥራ የሚሰጥ አገር ነበር ማለት ነው! (ለጥቂት ወራት ብቻ ነግሠው መሞታቸው ሌላ ነገር ነው፤ ያሾማቸው እጅ ነው የገደላቸው ይባላል።)

አንባቢ «እነዚህ መሳፍንት ወንጀለኞች አልነበሩም፤ የታሰሩት በትውልዳቸው ነው፤ የወረዱትም በትውልዳቸው ነው» ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው። ራስ ሚካኤልም ሽማግሌውን ያወረዷቸው ስለ ፍትሕ ብለው አይደለም፤ የሚታዘዝ ንጉሥ ፈልገው ነው። ይሁንና ከታሪኩ የምወስደው ትምህርት ሌላ ነው። የማይፋቅ የተባለው ምልክት እንኳ ቀጣሪው ሲፈልግ ይታለፋል። «ሕግ አይፈቅድም»፣ «ልማድ አይፈቅድም» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ የሚጸናው አመልካቹ ደካማ ሲሆን ብቻ ነው።

ሽፍታው፣ ሹመቱና በሬው

ከመቶ ዓመት በኋላም ይኸው ሥርዓት በሌላ መልክ ይታያል። የቋራው ካሳ ኃይሉ ሽፍታ ነበር። እቴጌ መነን ሽፍትነቱን በጦር ብቻ መስበር ቢያቅታቸው ቋራን ሰጡት፤ የልጃቸውን የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችንም ዳሩለት። ያ ሽፍታ በ1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። የሸፈተ ሰው ጉልበት ካለው በሹመት ይገባል፤ ይህ በአገራችን ፖለቲካ የተለመደ የእርቅ ሥርዓት ነበር። ሌላም ምሳሌ ልጨምር፤ ቴዎድሮስ በልጅነታቸው ማርከው መቅደላ ላይ ያኖሯቸው የሸዋው ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከአምባው አምልጠው ወደ አባታቸው አልጋ ተመለሱ፤ ኋላም ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ያመለጠ እስረኛ ነበሩ ብሎ የተሟገተ አልነበረም።

ስለ ቴዎድሮስ የሚነገር አንድ ታሪክ ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። በነገሡ ጊዜ «ሁሉም ወደ አባቱ ሥራ ይመለስ» ብለው አዋጅ አስነገሩ። ነጋዴው ወደ ንግዱ፣ ገበሬው ወደ እርሻው ሄደ። በዘራፊነት የታወቁ ሰዎችም ቀርበው «የአባታችን ሥራ ዘረፋ ነውና በአዋጁ መሠረት ይፈቀድልን» አሉ ይባላል። ንጉሡ በመጀመሪያ ያደረጉት ነገር አስደናቂ ነው። «ይህ ሥራ አደገኛ ነው፤ ተዉት፤ በሬና ሞፈር ልስጣችሁና እረሱ» አሏቸው። ሰዎቹ እንቢ አሉ፤ ንጉሡም የኋላ ኋላ ፈረሰኛ ልከው አስፈጇቸው።

በዘመኑ በአገሩ የተጓዙ አውሮፓውያን የመዘገቡት ይህ ታሪክ ዘወትር የሚተረከው ለመጨረሻው ክፍል፣ ለጭፍጨፋው ሲባል ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ክብደቱ ያለው በመካከለኛው ላይ ነው። በቁጣቸው የሚታወቁት ንጉሥ ሰይፍ ከመምዘዛቸው በፊት በሬ አቀረቡ። ሰውን ከክፉ ሥራ ተው ማለት ብቻውን እንደማይበቃ፣ በምትኩ የሚይዘው ሥራ መስጠት የመንግሥት ዕዳ እንደሆነ ገብቷቸው ነበር። እኛስ? እኛ «ተው» እንላለን፤ በሬውን ግን አናቀርብም። ከዚያ ሰውየው ወደ ቀድሞ ሥራው ሲመለስ «አላልናችሁም?» እንላለን።

ሕጉ የከፈተው፣ ማንም የማያንኳኳው በር

ይህን ርእስ ሳነሣ ብዙ ወዳጆቼ «ሕግ የለንም እኮ!» ይሉኛል። እኔም እንደነሱ አስብ ነበር። ሕግስ አለን።

በ1949 ዓ.ም. የወጣው፣ ስዊዘርላንዳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ቅጣቱን የጨረሰ ሰው ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት የሚጠይቅበትን ሥርዓት ይዞ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም (አዋጅ ቁጥር 414/1996) ይህንኑ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ ደንግጎታል። ሥርዓቱ «መሰየም» ይባላል። ትርጉሙም የተቀጣውን ሰው ወደ ቀድሞ ስሙና መብቱ መመለስ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በጽኑ እስራት የተቀጣ ሰው ቅጣቱን ከፈጸመ ቢያንስ አምስት ዓመት፣ በሌሎች ቅጣቶች ደግሞ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሲያልፈው፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ በመልካም ጠባይ ከኖረ፣ ካሳውንም እንደ አቅሙ ከከፈለ፣ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ፍርድ ቤቱ ከተቀበለው የተሻሩ መብቶቹ ይመለሳሉ፤ ፍርዱም ከመዝገብ ይሰረዛል። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ከተሰየመ በኋላ ያንን አሮጌ ፍርድ በክፋት አንሥቶ የሚወቅሰው ሰው በስም ማጥፋት ይጠየቃል፤ «እውነት ነው የተናገርኩት» ማለትም መከላከያ አይሆነውም።

ይህን ከይቅርታና ከምሕረት ጋር ማምታታት አይገባም። ይቅርታ ቅጣቱን ይቀንሳል ወይም ያስቀራል እንጂ ፍርዱን ከመዝገብ አያወጣም። ምሕረት ፍርዱን ጭምር እንዳልነበረ ያደርጋል፤ ነገር ግን ምሕረት መንግሥት ሲፈልግ የሚሰጠው የፖለቲካ ስጦታ ነው፤ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የምሕረት አዋጅ ቁጥር 1096 ለዚህ ምሳሌ ነው። መሰየም ግን ሰውየው በገዛ ጠባዩ የሚያገኘው ነው። ማንም ባለሥልጣን አይቸረውም፤ ዳኛ መርምሮ ይወስንለታል።

በነገራችን ላይ፣ ያለፈ ፍርድ በጊዜ ብዛት «ያበቃለት» ነው የሚለው ታዋቂው የእንግሊዝ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። የእኛው ሕግ በ17 ዓመት ይቀድመዋል። እንግሊዝ አገር ይህን ሕግ ቀጣሪው ሁሉ ያውቀዋል። እኛ ዘንድ ሰውየው ከእስር ቤት በር ሲወጣ «ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰህ ስምህን ውሰድ» ብሎ የሚነግረው አለን? በዚያ ኮሚቴ የተቀመጥነው ሦስት የተማርን ሰዎች አንዳችንም ቃሉን ሰምተነው አናውቅም ነበር።

የመንግሥት ቅጥር ሕጉንም እንመልከት። በ1999 ዓ.ም. የወጣውና በኋላ በሌላ የተተካው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515፣ እንደ እምነት ማጉደልና ስርቆት ባሉ በስም በተጠቀሱ ወንጀሎች የተፈረደበት ሰው የመንግሥት ሠራተኛ እንዳይሆን ይከለክል ነበር። የገንዘብና የንብረት ኃላፊነት ላለበት ሥራ ይህ ምክንያት አለው። ልብ በሉ፤ ሕጉ ዝርዝር አወጣ እንጂ «የታሰረ ሁሉ» አላለም። ዝርዝሩን ወደ «የታሰረ ሁሉ» ያሰፋነው እኛ ነን፤ እንደኛ ያለው ኮሚቴ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ መተዳደሪያውን የመምረጥ መብት አለው ሲል ደግሞ «ታስሮ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ» አላለም።

ወረቀት፣ ዋስ፣ ደም

ከእስር የወጣ ሰው በእኛ ከተሞች ሥራ ፍለጋ ሲነሣ ሦስት በሮች ይዘጉበታል።

አንደኛው ወረቀት ነው። አሻራ ሰጥቶ «ከወንጀል ነፃ» የሚል ማስረጃ ማምጣት። ይህ ወረቀት ሰው ሲገድል የኖረንና በአሥራ ስምንት ዓመቱ በጠብ ሰው የፈነከተን አንድ ያደርጋቸዋል፤ ሁለቱም ነፃ አይደሉም። ከዚህም የከፋ አለ። በአገራችን ክስ ሳይመሠረትበት ወራት ታስሮ የሚለቀቅ ሰው ብዙ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተከሰተው ግጭትና በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት ብዙዎች እንዲህ ታስረዋል። እነዚህ ሰዎች ፍርድ የለባቸውም፤ የሚሰረዝ መዝገብም የላቸውም። ቀጣሪው ግን የሥራ ልምዳቸው ላይ ያለውን ክፍተት አይቶ «በዚህ ጊዜ የት ነበርክ?» ይላል። ያልተፈረደበት ሰው ከተፈረደበት እኩል ይቀጣል።

ሁለተኛው ዋስ ነው። ጥበቃ፣ ገንዘብ ያዥ፣ የንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ ሾፌር፣ አንዳንዴም አስተናጋጅ ለመሆን ዋስ ይጠየቃል። ዋስ በአገራችን የፍትሕ ታሪክ ሥሩ የጠለቀ ነገር ነው፤ ባለ ጉዳይ ዋስ ጠርቶ ይሟገት ነበር፤ ዋስ ያጣው ከባለጋራው ጋር በሰንሰለት ተቆራኝቶ ይውል ነበር። ቁራኛ የምንለው ያንን ነው። ዛሬ ቁራኛ ቀርቷል ብንልም ዋስ ላጣ ሰው ሰንሰለቱ አለ። ስምንት ዓመት ከዘመድ ከወዳጅ ተለይቶ የኖረ ሰው ደመወዙን የሚያስይዝለት ከየት ያመጣል? እውነቱን ለመናገር ወረቀቱን ያለፈ ሁሉ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ሦስተኛው የእኛ ደጋ የሚያውቀው በር ነው፤ ደም። በወገራ፣ በዳባት፣ በደባርቅ፣ በበለሳ ሰው የገደለ ሰው ከፍርድ ቤት ቅጣት በኋላም ደመኛ አለው። የመንግሥት እስር ደም አያደርቅም። ስለዚህ የተፈታው ሰው ወደ ርስቱ መመለስ ያስፈራዋል፤ መሬቱ ላይ ማረስ ያልቻለ ገበሬ ደግሞ ከተማ ገብቶ ሥራ ከመለመን ሌላ ምን ምርጫ አለው? ከተማው አልቀጥርህም ሲለው ወዴት ይሂድ? ያ የጥበቃ ሥራ የፈለገው ሰው ከወገራ ተነሥቶ ጎንደር የመጣው ለምን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ይሁንና ከሕጉ ይልቅ ማለቂያን የሚያውቀው ይኸው የደጋው ልማድ መሆኑ ይገርመኛል። ሽማግሌዎችና ካህናት ገብተው፣ ካሳ ተከፍሎ፣ መሐላ ተፈጽሞ ደም ሲደርቅ ሁሉም ያውቀዋል። እርቁ በአደባባይ ነው። ከዚያ ወዲያ ነገሩን ማንሣት ነውር ነው። ግራቨን ከጄኔቭ ይዞት የመጣው መሰየምና የወገራ ሽማግሌዎች እርቅ አንድ ነገር ላይ ይገናኛሉ፤ ሁለቱም ያለቀውን ነገር በክፋት የሚቀሰቅሰውን ሰው ጥፋተኛ ያደርጋሉ። ልዩነታቸው እርቁን አገር ሲያውቀው መሰየምን የሚያውቀው አለመኖሩ ነው።

የሌላው ዓለም ልምድ

አሜሪካዊቷ ሶሲዮሎጂስት ዴቫ ፔጀር እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተመችው ጥናት ይታወቃል። ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ ተመሳሳይ የትምህርትና የሥራ ታሪክ የያዙ ወጣቶችን ወደ 350 ቀጣሪዎች ላከች። የወንጀል ታሪክ ከሌላቸው ነጮች 34 በመቶ የሚሆኑት ተመልሰው ሲጠሩ፣ ታሪክ ካላቸው 17 በመቶ ብቻ ተጠሩ። ከጥቁሮች ታሪክ የሌላቸው 14፣ ያላቸው 5 በመቶ። እስቲ አስቡት፤ ምንም ያላጠፋው ጥቁር ከታሰረው ነጭ ያነሰ ዕድል ነበረው።

ይህን ለማረም የወንጀል ጥያቄው ከማመልከቻ ቅጽ እንዲወጣ የሚያስገድዱ ሕጎች ተስፋፉ። ሃዋይ እ.ኤ.አ. በ1998 ቀደመች፤ የፌዴራሉ መንግሥትም በ2019 ሕግ አወጣ። ይሁን እንጂ አማንዳ አጋንና ሶንያ ስታር የተባሉ ተመራማሪዎች በኒው ጀርሲና በኒው ዮርክ ከተማ 15,000 ያህል የሙከራ ማመልከቻዎችን ልከው ያገኙት ውጤት ያስደነግጣል። ጥያቄው ከቅጹ ከወጣ በኋላ በነጭና በጥቁር አመልካቾች መካከል የነበረው የመጠራት ልዩነት ከ7 ወደ 43 በመቶ አደገ። ወረቀት የተከለከለው ቀጣሪ በቆዳ ቀለም መገመት ጀመረ ማለት ነው።

ይህ ለእኛ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። እኛ አገር ቀጣሪ የሚገምትበት ነገር አይጠፋም፤ ስም አለ፣ የአነጋገር ለዛ አለ፣ «የየት አገር ሰው ነህ?» አለ። ጥያቄውን ከቅጹ ብናወጣው ግምቱ ወደ ዘርና ወደ ወረዳ ይዞራል። ስለዚህ በዚህ ጸሐፊ እምነት መፍትሔው ያለፈውን መደበቅ ሳይሆን ያለፈው ማለፉን የሚመሰክር ወረቀት መስጠት ነው። አሻራው «ጥፋተኛ ነበር» ካለ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ «አብቅቷል» ይበል።

ከአሜሪካ የምንቀዳው ሌላ ነገር ግን አለ፤ ዋስትናው። የዚያ አገር የሠራተኛ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ከእስር የወጣን ሰው ለሚቀጥር ድርጅት ያለ ክፍያ ዋስትና ይሰጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ሠራተኛው ንብረት ቢያጎድል የተወሰነ ገንዘብ ይተካለታል። ይህ ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ዋስ ነው! መንግሥት ዋስ ሆነ ማለት ነው።

ምን ይደረግ?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ማንኛውም ታራሚ ሲፈታ ስለ መሰየም መብቱ፣ መቼና የት እንደሚያመለክት በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ይሰጠው። ሁለተኛ፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያሉ የሕግ ተማሪዎችና መምህራን እነዚህን ማመልከቻዎች በነፃ ቢያዘጋጁ ከብዙ ዐውደ ጥናት የበለጠ ይጠቅማል። ሦስተኛ፣ ስሙ ከወህኒ ቤት ወደ ማረሚያ ቤት የተለወጠው ተቋም በስሙ ይመን፤ ታርሟል ብሎ የለቀቀውን ሰው ዋስ ለመሆን ካልደፈረ ማረሚያነቱ የት ላይ ነው? አራተኛ፣ ቀጣሪ «ታስረሃል ወይ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ጥፋቱ ከሥራው ጋር ምን ግንኙነት እንዳለውና ስንት ዓመት እንዳለፈው ይጠይቅ።

ሕፃናትን የደፈረ ሰው ትምህርት ቤት ይቀጠር አልልም። የሕዝብ ገንዘብ የበላ ሰው በማግሥቱ ካዝና ይረከብ አልልም። የተበዳይ ወገን ሐዘንም በአሠሪ ኮሚቴ ውሳኔ የሚሻር ነገር አይደለም። ነገር ግን ጥያቄው በየሥራውና በየሰው ይመዘን እንጂ በአንድ «ይሄ ይቅር» አይዘጋ። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። ምሳሩን የያዝነው እኛ መሆናችንን ግን አንዘንጋ።

መጨረሻ ላይ ወደ ታሪኩ ልመለስ። «ኢትዮጵያዊ የታሰረን ሰው አያምንም» የሚሉ አሉ። ታሪክ ግን ይህን አይመሰክርም። በካፋን አምነን አንግሠናል። ሽፍታውን ካሳን አምነን አንግሠናል። በቅርቡም በዘመናችን ዕድሜ ልክ ተፈርዶባቸው የነበሩት ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በኅዳር 2011 ዓ.ም. የአገሪቱ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሲሆኑ ብዙዎቻችን ደስ ብሎናል፤ ተገቢም ነበር። ከወህኒ ወደ ሥልጣን የሚወስደው መንገድ በዚህ አገር ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሲጠረግ ኖሯል። ያልተጠረገው ከወህኒ ወደ ሥራ የሚወስደው ነው። የንጉሥ ልጅ፣ የጦር አለቃና ፖለቲከኛ ምልክታቸው ይታለፍላቸዋል፤ የመጋዘን ጠባቂ ግን ምልክቱ ብቻ ይታያል። ፍትሐዊ ቅጥር ማለት ለኃያላን ስንሰጥ የኖርነውን ለደካሞችም መስጠት እንጂ ሌላ አዲስ ነገር አይደለም።

ያ ሰው ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ጥያቄውን ግን በመጨረሻ መመለስ እችላለሁ። ወንድሜ፣ ፍርድ ቤቱ የፈረደብህ አሥራ ሁለት ዓመት ነው። እኛ የፈረድንብህ ዕድሜ ልክ ነው። ይህንንም ያደረግነው ሳንከስስህ፣ ሳንሰማህ፣ ይግባኝም ሳንሰጥህ ነው።

ቸር እንሰንብት።